ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት

በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ ራስጌ፣
የዳገት ባቡር ናት ሹመቴ ማዕረጌ።
ሽቅብ ለመውጣቷ ሁለት ደቂቃ ነው፣
አንድ ገጽ ለመግፋት ልክክ ያለ ጊዜ፣ ሰው ካላስጨነቀው።
ስምንት መቶውን ገጽ እንዲህ ነው የገፋሁት፣
ቁልቁል እያወረድኩ፣ ሽቅብ እያወጣሁ፣ ሲያሻኝ እየዘለልኩት።

መጽሐፉን ታውቁታላችሁ።
(አላነበባችሁት ይሆናል፤ ግን ታውቁታላችሁ።)
የባለርስቶቹ፣ የስንዴው፣ የጋብቻው፣ የሦስት ትውልድ ቂም፤
ተማሪ ሳለን ታዞብን ነበረ፣ ከክፍሉ አንድም ሰው አልጨረሰም።
መምህር ባልታሳር ግን፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣
«ነፍሳችን ይህ ነው፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ይል ነበር፣ ድምፁ ገንኖ።
ማውረድስ የኔ ነው፣ አልኩኝ ዘንድሮ፣ ባርባ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ልየው እስኪ ነፍሴን፣ መነጽር ገዝቼ፣ ሳይብስ ድክመቴ።
ወይዘሮ ኤውላሊያ፣ የመጻሕፍት ጠባቂ፣
አቧራውን ጠርጋ «በርቺ» ብላ ሰጠችኝ፤ ዐይኗ ግን ተሳላቂ።

እውነቱን ልናገር፤
አርባ ገጽ ሙሉ ስንዴው ሲዘራ፣ ሲታጨድ፣ ሲወቃ፣ ሲከመር፣
ተኝቼ ነበር።
የቀሰቀሰኝ ኦስቫልዶ ነው፣ ከታችኛው ጣቢያ ደወሉን ሲደውል፣
ተሳፋሪው ሁሉ ቲኬቱን ጨብጦ «ዛሬ አንወጣም ወይ?» ሲል።

በማግስቱ ግን፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ አንዲት መስመር መጣች፤
«ሰውየው ሞተ። የጫማው ጭቃ ግን ገና አልደረቀም ነበር።»
ይኸው ነው። በቃ።
እጄ ፍሬኑን ያዘ።
ዐሥራ አንድ መንገደኛ፣ ሁለት ቅርጫት ዓሣ፣ በባሕርና በሰማይ መካከል
ተንጠልጥለው ቆዩ፣ ያችን መስመር ደግሜ እስካነባት ቃል በቃል።

ታዲያ ይህ ብዕር ነው፣
እርጥብ ጭቃ የሚያይ ዐይን ያለው፣
ገጽ መቶ ስድሳ ላይ «አንዲት አጣቢ አለፈች» ብሎ የዘጋው?
ስም የላት፣ ፊት የላት፣ ቅርጫት ብቻ ናት፤
ላጠበችው ሸሚዝ ግን ግማሽ ገጽ ሰጥቶታል፣ ቁልፉን እየቆጠረ፣ እሷን ረስቷት።
ፊሎሜና ትባላለች! ብዬ ጮህኩ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ፤
የናቴ አያት ናት፣ ጣቶቿን የሰው እድፍ፣ የሳሙና ውሃ፣ እየበላ ሲያሟጥጥ።
እሷ ናት አልልም።
አይደለችም ብሎስ ማን ይምልልኛል?

ብቻዬን አልነበርኩም። በኅዳጉ ላይ የርሳስ ጽሕፈት አለ፣
ስስ፣ ወደ ግራ ያዘመመ፣ ከኔ በፊት እዚያው የታገለ።
የስንዴው ገጽ ላይ «ጌታ ሆይ፣ ማረን» ይላል፤
«አሜን» አልኩት።
ያችን የጭቃ መስመር ግን «የተጋነነ» ብሎ አሥምሮባታል!
ተኳረፍን ሳምንት፤ እሱ (ወይ እሷ፣ እንጃ) ዝም፣ እኔም ዝም።
ካጣቢዋ አጠገብ አንዲት የጥያቄ ምልክት አየሁ፣ ትንሽ፣ እንደ መንጠቆ፤
ታረቅን፣ ያላንዳች ሽማግሌ፣ ያላንዳች ጠያቂ፣ ተጠይቆ።

ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ፣ ሠርጉ መሀል፣ እርሳሱ ቆመ።
ሰለቸው? መርከብ ተሳፈረ? ወይስ በር ተንኳኩቶ፣ ሊከፍት ተነሥቶ፣ በዚያው ታመመ?
ከዚያ ወዲያ ኅዳጉ ባዶ ነው፣ ነጭ ነው።
አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ገጽ፣ ከጌቶቹ ጋር፣ ያለ አንድ ሰው።
ቀልዱ ላይ ስስቅ ዞር እላለሁ፣
ማን ሰማኝ ብዬ።

ዛሬ ጨረስኩት።
«ጥሩ ነው?» አለኝ ኦስቫልዶ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ እየከፈተ።
«ረጅም ነው» አልኩት። አፌ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነበር፣ ሳይወጣ የቀረ፣ የታከተ።
እርሳሱን ተዋስኩት፤ የፊሎሜናን ስም ልጽፍላት፣
ከቅርጫቷ በላይ፣ በትልቁ፣ ጌቶቹ ሲያልፉ እንዲያዩዋት።
መጽሐፉ ግን በለመደው ገጽ ተከፈተ፣ በጭቃው፤
እጄም ሳላዘው፣ «የተጋነነ» ከሚለው ሥር፣
«አይደለም» ብሎ ጻፈ።

ደወሉ ተደወለ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤
አንዱ ብስክሌት ይዟል።
ወደ ገጽ መቶ ስድሳ፣ ሲወርዱ እመለሳለሁ።